ከካራ እስከ እንጦጦ፦ ለስላሳ ሥጋ ፍለጋ

የካን ብዙዎቻችን የምናውቃት በመገናኛ ግርግር፣ በሲኤምሲ መንደሮችና በቀበና በኩል ባሉት ሰፋፊ የኤምባሲ ግቢዎች ነው። መንፈሳዊ ጉዞ የሚወድ ደግሞ ከተራራው አለት ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ ሚካኤልን ያስታውሳል። በዚህ ወር ግን ክፍለ ከተማዋን በሌላ በር እንግባባት፤ በጎቹና በሬዎቹ በሚገቡበት በር። መንገዱ ከደሴና ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋንና ለገጣፎን አልፎ ካራ ላይ ከተማችንን ይነካል። ከዚያ በኮተቤ አድርጎ ወደ መገናኛ ይወርዳል። እኛ ከካራ ተነስተን በሾላ ገበያ እናልፍና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥተን እንጦጦ ጫፍ ላይ እናርፋለን።

ይዘነው የምንዞረው ጥያቄ አንድ ነው። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ገበያ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ሁለት ጎረቤታሞች በግ ይገዛሉ። የአንዱ ጥብስ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፤ የሌላው መንጋጋ ያደክማል። ለምን?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። የበዓል በግ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ የወሩን በጀት የሚያናጋ ወጪ ነው። እኔን ወደዚህ ጉዞ ያስወጣኝ ደግሞ ከገንዘቡ በላይ የባለቤቴ እናት ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ይኖራሉ። ጥርሳቸው ከሳሳ ወዲህ በበዓል ማዕድ ላይ መረቁን ብቻ ይጠጡና ሥጋውን “እናንተ ብሉ፣ እኔ ጠገብኩ” እያሉ ለልጅ ልጆቻቸው ያቀብላሉ። እንዳልጠገቡ ሁላችንም እናውቃለን።

ካራ፦ ከመታረዱ በፊት የሚወሰነው

በበዓል ሰሞን ካራን ማየት ያለበት ሰው በጠዋት ይነሳ። ጭጋጉ ሳይገፍ የጭነት መኪኖች ይቆማሉ፣ በጎች ከላይ ይወርዳሉ፣ በሬዎች በገመድ ይሳባሉ። ወገብ መዳሰስ፣ ላት መመዘን፣ ጥርስ ማየት፣ ዋጋ ቆርጦ ሄድ ብሎ መመለስ፤ ሁሉም የራሱ ዘዴ አለው። እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና የሻጮቹን አነጋገር ስሰማ እዝናናለሁ። አንድ የመንዝ በግ የያዙ አባት ግን በሥራዬ ሰምቼ የማላውቀውን ምክር ሰጡኝ።

“ዛሬ ገዝተሽ ዛሬውኑ አትረጂው ልጄ” አሉኝ። “በጉም እኮ መንገደኛ ነው። ውኃ ሳይጠጣ፣ እግሩን ሳያሳርፍ ምን ይሰጥሻል?”

የእኚህ አባት ምክር ከሥጋ ሳይንስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ጋር አንድ ነው። የእንስሳ ጡንቻ ለሥራ የሚጠቀምበትን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል። እንስሳው በሕይወት እያለ የጡንቻው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ወደ 7 ገደማ ነው፤ ገለልተኛ እንደማለት። ሲታረድ ደሙ ይቆማል፤ ኦክስጅንም ይቋረጣል። ጡንቻው ግን ወዲያው አይሞትም። ያለችውን ስኳር ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ይቀጥላል፤ ከዚህም ላክቲክ አሲድ ይፈጠራል። በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ፒኤቹ ቀስ እያለ ወርዶ 5.5 አካባቢ ይቆማል።

ይህ አሲድ ወዳጃችን ነው። ሥጋውን ደማቅ ቀይ ያደርገዋል፣ ጣዕም ይሰጠዋል፣ ባክቴሪያም ቶሎ እንዳይራባበት ይከላከላል። ችግሩ ስኳሩ ከመታረዱ በፊት ካለቀ ነው። ሩቅ መንገድ የተጓዘ፣ የተራበ፣ ከማያውቀው መንጋ ጋር ሲጋፋ ያደረ እንስሳ ክምችቱን ጨርሶ ይመጣል። ሲታረድ ወደ አሲድ የሚለወጥ ነገር የለውም፤ ፒኤቹም 6 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ፒኤቹ ከ5.8 እስከ 6.2 ባለው መካከለኛ እርከን ላይ ሲቆም ደግሞ ጥንካሬው ከሁሉም ይብሳል። ሥጋ ቤት ገብተን የጠቆረ ሥጋ ስናይ “ያረጀ በሬ ነው” እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ያየነው እርጅናን ሳይሆን ድካምን ነው።

ጉዳዩ ከቤት ማዕድ አልፎ የአገር ገቢንም ይነካል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የሚላከው የበግና የፍየል ሥጋ በአብዛኛው ከቦረና፣ ከሶማሌና ከአፋር ቆላ የመጣ ነው። ላኪዎች የደጋውን በግ የሚሸሹበት አንዱ ምክንያት ሥጋው ገበያ ላይ ቶሎ ይጠቁራል የሚለው የገዢዎች ቅሬታ ነው። ደንበኛ በዓይኑ እንደሚገዛ ለማርኬቲንግ ሰው መንገር አያስፈልግም። በመደርደሪያ ላይ የጠቆረ ሥጋ ምንም ያህል ቢያስተዋውቁት ዋጋው ይወርዳል።

አንድ ሌሊት ማሳደር ለበጉ እርጋታና ውኃ ይሰጠዋል። ያለቀው ክምችት እንዲመለስ ግን ቀናትና መልካም መኖ ያስፈልጋል። ስለዚህ በዓሉ እሑድ ከሆነ ሐሙስ የተገዛ በግ ቅዳሜ ማታ ከተገዛው ይሻላል። በግ የመንጋ እንስሳ ነውና ብቻውን ሲታሰር ይጨነቃል፤ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ ሁለት በግ አብሮ ማሰር ለሁለቱም ቤት ይጠቅማል። በእስልምና ሥርዓት በእንስሳው ፊት ቢላ መሳልም ሆነ አንዱን በሌላው ፊት ማረድ የተጠላ ነው። ርኅራኄውና የሥጋው ጥራት እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ሾላ፦ “ትኩስ” ማለት ምን ማለት ነው?

ከካራ በኮተቤ ወርደን መገናኛን ስናልፍ ሾላ ገበያ እንገባለን። የበርበሬው ሽታ፣ የቅቤው ቅል፣ የሽንኩርቱ ክምር፣ የዶሮው ጩኸት። ልጆቻችሁን አንድ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ፤ ሱፐርማርኬት የማያሳያቸውን ብዙ ያያሉ። በዙሪያው ካሉት ሥጋ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ሥጋው ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው ቢላቸውን ይሞርዳሉ።

“ጋሼ፣ ሥጋው ትኩስ ነው?” አልኳቸው።

“ለምን ልትሠሪው ነው ልጄ?” ሲሉ መለሱልኝ። “ለቁርጥ ከሆነ ዛሬ የገባውን ልስጥሽ። ለጥብስ ከሆነ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ቀን የሰነበተች ሽንጥ አለችኝ፤ እሷ ትሻልሻለች።”

በእኔ ሙያ “ትኩስ” ወርቅ የሆነ ቃል ነው። ዳቦም፣ ቡናም፣ ወተትም የሚሸጠው በእሱ ነው። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ቃሉ ብቻውን አይበቃም። ጡንቻ ሲኮማተር እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች አሉት። ክሮቹ ከተያያዙ በኋላ ለመላቀቅ ጉልበት ይፈልጋሉ። እንስሳው ታርዶ ስኳሩ ሲያልቅ ያ ጉልበት አብሮ ያልቃል፤ ክሮቹም እንደተያያዙ ይቆለፋሉ። ሥጋው የሚገተረው ያኔ ነው። በበግ ላይ ይህ በጥቂት ሰዓታት፣ በበሬ ላይ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። ሥጋ በሕይወቱ ከሁሉ የበለጠ የሚጠነክረው በዚህ ወቅት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልፉን ቀስ በቀስ የሚፈታው የጡንቻው የራሱ ኢንዛይም ነው። በቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ ክሮቹን ትንሽ ትንሽ ይቆራርጣል። የበግ ሥጋ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንት፣ የበሬ ሥጋ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይለሰልሳል። በውጭ አገር ምግብ ቤቶች “የበሰለ ሥጋ” ተብሎ በውድ የሚሸጠው ይኸው የሰነበተ ሥጋ ነው።

ስለዚህ ሥጋ ለስላሳ የሚሆንባቸው ሁለት መስኮቶች አሉት። የመጀመሪያው ከታረደ በኋላ፣ ሳይገተር፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ሁለተኛው ከቀናት ዕረፍት በኋላ ነው። የቁርጥ ባህላችን በመጀመሪያው መስኮት የተሠራ ነው። ሠንጋው ተጥሎ ሳይውል ሳያድር በዳጣና በሚጥሚጣ የሚበላው ሥጋ ለስላሳ የሚሆነው ክሮቹ ገና ስላልተቆለፉ ነው። የባለ ሥጋ ቤቱ የሦስት ቀን ሽንጥ ደግሞ የሁለተኛው መስኮት ናት። ብዙ ቤተሰብ በበዓል የሚያበስለው ግን በሁለቱ መካከል ባለው፣ መስኮቱ በተዘጋበት ሰዓት ነው።

አሲድ ሁልጊዜ በጎ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ፍጥነቱም ወሳኝ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ ያስተማረው የአሳማ ሥጋ ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአብዛኛው ስለማይበላው እምብዛም አናውቀውም፤ የአውሮፓና የአሜሪካ የሥጋ ተመራማሪዎች ግን ለዓመታት ደክመውበታል። ልክ ከመታረዱ በፊት የደነገጠ አሳማ ጡንቻው ስኳሩን በፍጥነት ያቃጥላል፤ ሰውነቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፒኤቹ ከ6 በታች ይወርዳል። ሙቀትና አሲድ ሲገናኙ ፕሮቲኑ ይጎዳል። ሥጋው ይገረጣል፣ ውኃ ያንጠባጥባል፣ ሲበስልም ይደርቃል። ቀደም ብሎ ለቀናት የደከመ እንስሳ ሥጋው ይጠቁራል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት የተሸበረ ደግሞ፣ በተለይ አሳማ፣ ሥጋው ይገረጣል። ሁለቱም መነሻቸው ዕረፍት ማጣት ነው።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፦ ፍሪዘሩ ይቆይ

ከሾላ ወደ ሰሜን፣ ቀበናን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ አየሩ ይለወጣል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የአሮጌ ግቢዎችና የጠባብ መንገዶች ሰፈር ነው። ከኋላው የእንጦጦ ባህር ዛፍ እንደ መጋረጃ ተዘርግቷል። በፋሲካ ማለዳ በየግቢው የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። በጉ ይታረዳል፣ ይገፈፋል፣ ዱለቱ ይከተፋል። ገና እንፋሎቱ ያልወጣለት ሥጋ ይዘለዘልና በፌስታል እየታሰረ ፍሪዘር ይገባል። የቅርጫ ሥጋም ዕጣው እንደወጣ መደቡ በየቤቱ ፍሪዘር ይከተታል። “እንዳይበላሽ” ነው ምክንያቱ፤ ለጤናም የታሰበ ነው። ልስላሴው ግን እዚያ ይቀራል።

ይህን ምሥጢር ያወቁት ኒውዚላንዳውያን ናቸው። አገራቸው የበግ ሥጋ አቀዝቅዞ ወደ ውጭ በመላክ የምትኖር ሆና ሳለ፣ ማቀዝቀዣው እየፈጠነ ሲሄድ ሥጋው እየጠነከረ አስቸገራቸው። በ1963 እ.ኤ.አ. ሎከርና ሃግያርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳዩ። ጡንቻው አሲዱን አምርቶ ሳይጨርስ በብርቱ ከቀዘቀዘ እንደ ጎማ ይኮማተራል፤ እንደተኮማተረም ይቆለፋል። ገና ሳይገተር በረዶ ሆኖ ኋላ የሚቀልጥ ሥጋ ደግሞ ከዚህም የባሰ ይሸበሸባል፤ ከአጥንት የተለየ ከሆነ የርዝመቱን ግማሽ ሊያጣ ይችላል። ከፍሪዘር ወጥቶ ሲቀልጥ ብዙ ውኃ የሚለቅና ድስት ውስጥ የሚጠቀለል ሥጋ አይታችሁ ከሆነ፣ ያያችሁት ይህንን ነው።

እነዚሁ ሰዎች ጡንቻ ከሁሉ ያነሰ የሚኮማተርበትን ሙቀትም ለክተዋል፤ ከ14 እስከ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ አማካይ የአየር ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌላው ዓለም በመሣሪያ የሚፈልገውን አየር እኛ ጓሮአችን ውስጥ አግኝተነዋል።

ባለፈው ፋሲካ በእማማ ግቢ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በጉ ሐሙስ ገብቶ፣ ሣርና ውኃ አግኝቶ፣ ከጎረቤት በግ ጋር ታስሮ ሰነበተ። እሑድ ማለዳ ታርዶ እንደተገፈፈ ዱለቱና ጥቂት የጎድን ጥብስ ወዲያው ተሠራ፤ የመጀመሪያው መስኮት ነውና። ሁለቱ የኋላ እግሮችና ሽንጡ ከአጥንታቸው ሳይለዩ፣ ንጹሕ ሻሽ ለብሰው፣ ነፋስ በሚገባበትና ፀሐይ በማይደርስበት ማድቤት ውስጥ ተሰቀሉ። አጥንቱ ጡንቻውን ወጥሮ ስለሚይዘው እንደልቡ አይኮማተርም። አመሻሽ ላይ ወደ ፍሪጅ ገቡ፤ ወደ ፍሪዘሩ አይደለም። ረቡዕ ማታ ሽንጡን አውጥተን፣ ክሩን አቋርጠን በስሱ ቆርጠን ጠበስነው።

እማማ አንድ ቁራጭ አነሡ። አላመጡ። ሁለተኛ አነሡ። “ይሄ የእሑዱ በግ ነው?” ብለው ጠየቁን። የልጅ ልጃቸው እንደልማዱ እጁን ሲዘረጋ “አንተ ከእናትህ ሳህን ብላ” አሉት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እንጦጦ፦ ድግስና ብርድ

ጉዞአችንን ተራራው ላይ እንጨርስ። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ የእሑድ መዝናኛ ሆኗል። ከፓርኩ ወጣ ስትሉ እንጦጦ ማርያምን ታገኛላችሁ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት እዚህ ነው።

ከዚያ በፊት፣ በ1880 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመረቅ እቴጌ ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ታላቅ ግብር አብልተዋል። ለዚያ ድግስ ከ5,000 በላይ በሬ፣ ላም፣ በግና ፍየል እንደታረደ ተጽፏል። እስቲ አስቡት፤ ፍሪጅ የለም፣ በረዶ የለም። ያ ሁሉ ሥጋ ሊበላ የሚችለው እየታረደ፣ እየተቆረጠ፣ በዕለቱ ነው። የጥንቱ የግብር ሥርዓት ስለ ላክቲክ አሲድ ሳያውቅ የመጀመሪያውን መስኮት በሚገባ ተጠቅሞበታል። እኛ ማቀዝቀዣ ስናገኝ ሁለተኛው መስኮት ተከፈተልን። ማቀዝቀዣው የሚጠቅመን ግን ሥጋውን በሰዓቱ ስናስገባው ነው።

ተራራው ሌላም ትምህርት አለው። ከፍታ ሲጨምር ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ የነበረው መሐል አዲስ አበባ 92 ገደማ፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ 90 ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እንለይ። ዕረፍትና አሲድ የሚያለሰልሱት የጡንቻውን ክር ነው። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት፣ በተለይ የቆየ በሬ ቅልጥምና ወርች ላይ ያለው፣ የሚሸነፈው ለረጅም እሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ሽንጥና ጭቅና በማሳረፍ፣ ወርችና ቅልጥም በማፍላት ይለሰልሳሉ። በእኛ ከፍታ ቅቅል ጊዜ ቢፈጅባችሁ ጥፋቱ የባለሙያዋ አይደለም፤ የተራራው ነው። የእንፋሎት ድስት ያለው ሰው ያንን ከፍታ በክዳኑ ይመልሰዋል።

ባህር ዛፉ ሥር ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ በኮተቤ በኩል የሚገባው መንገድ ይታያችኋል። በዓል ሲቃረብ መኪኖቹ በግ ጭነው በዚያ ይወርዳሉ። አንዱ የእናንተ ይሆናል፤ ከመንገዱ ማረፊያ ጊዜ ስጡት።

ለበዓል ሰሞን በአጭሩ

በጉን ከበዓሉ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ግዙ። ውኃና ሣር አይለየው፤ ብቻውን አትሰሩት፤ ልጆች እንዳያባርሩት ንገሩ።

ዱለቱንና ጥቂት ጥብስ እንደታረደ ሥሩ። ጥሬ ሥጋ የምትበሉ ከሆነ ግን በእንስሳት ሐኪም የተመረመረና ማኅተም ያለበት ይሁን፤ ልስላሴ ከኮሶ አያድንም።

የቀረውን ከአጥንቱ ሳትለዩ ንጹሕና ቀዝቃዛ ቦታ ስቀሉ። ታርዶ 10 ሰዓት ሳይሞላው ከ10 ዲግሪ በታች አይውረድ። ከዚያ በኋላ ግን ውጭ አይደር፤ ፍሪጅ ይግባ።

ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አሳርፉት። የሚበላውን ብሉ፤ የሚቀመጠውን ያኔ ወደ ፍሪዘር አስገቡ።

ስትቆርጡ ክሩን አቋርጡ። ለአዛውንቶችና ለሕፃናት የሽንጡን ሥጋ አስቀሩላቸው።